የማዘርቦርድ ባዮስ አፕዴት አደራረግ፣ መብራት ለሚሄድበት ሰፈር

የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ነው። የአዲስ አበባ ጫፍ፣ የአዳማው የፍጥነት መንገድ የሚጀምርበት አካባቢ። ከዚህ መርካቶ ደርሶ መመለስ ግማሽ ቀን ይበላል። ስለዚህ ኮንዶሚኒየማችን ውስጥ ኮምፒውተሩ እንቢ ያለው ሰው መጀመሪያ የእኔን በር ያንኳኳል።

ባለፈው ክረምት የጎረቤቴ ልጅ ኬዙን በሁለት እጁ አቅፎ መጣ። ብዙ ወር ባጠራቀመው ብር ራይዘን 5 5600 ፕሮሰሰር ገዝቷል። ማዘርቦርዱ ጊጋባይት ቢ450ኤም ዲኤስ3ኤች ነው። አዲሱን ፕሮሰሰር ሲገጥመው ፋኑ ይዞራል፣ መብራቱ ይበራል፣ ስክሪኑ ግን ድቅድቅ ጨለማ ነው። አንድ ጥገና ቤት ወስዶት ነበር።

«ጋሼ፣ ቦርዱ አይቀበለውም፣ ቀይረው አሉኝ። ልሽጠው እንዴ?»

ቦርዱ ይቀበለዋል። ቢ450 ቺፕሴት የወጣው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። ራይዘን 5 5600 ደግሞ በ2022። ቦርዱ ከፋብሪካ ሲወጣ ይህ ፕሮሰሰር ገና አልተሠራም ነበር። ያልተነገረውን ከየት ያውቀዋል? የሚነገረው በባዮስ አፕዴት ነው፤ ባዮስ ማሽኑ ሲነሣ መጀመሪያ የሚሠራው፣ ቦርዱ ላይ የተጻፈ ፕሮግራም ነው። የድሮውን ራይዘን 5 2600 መልሰን ገጠምን። ባዮሱን አደስን። ከዚያ አዲሱን ፕሮሰሰር ስንገጥም ስክሪኑ በራ። የልጁን ፊት ብታዩት!

ደህና ቦርድ «አይሆንም» ተብሎ ሲጣል ያናድደኛል። ሰው ያለ የሌለ ገንዘቡን አውጥቶ የገዛው ዕቃ ነው። ይህን መመሪያ የምጽፈውም ለዚያ ነው። ሥራው ራሱ የ10 ደቂቃ ነው። ከባዱ ዝግጅቱ ነው፤ በተለይ እንደ እኛ መብራት በማይታመንበት ሰፈር።

ባዮሱ የት ነው ያለው?

ኬዙን ከፍታችሁ ቦርዱን ብታዩ፣ ስምንት እግር ያላት የሽምብራ ፍሬ የምታህል ጥቁር ቺፕ ታገኛላችሁ። ባዮሱ የተጻፈው እሷ ላይ ነው። ብዙ ጊዜ የምትይዘው 16 ወይም 32 ሜጋባይት ነው። ፓወር ስትጫኑ ፕሮሰሰሩ መጀመሪያ የሚያነበው እዚያ ያለውን ነው። ራሙን ይፈትሻል፣ ዲስኩን ይፈልጋል፣ ከዚያ ለዊንዶውስ ያስረክባል። የዛሬው ዓይነት ትክክለኛ ስሙ ዩኢኤፍአይ ነው። ሁሉም ሰው ባዮስ ስለሚለው እኔም ባዮስ እላለሁ።

አፕዴት ስታደርጉ ቺፕዋ ላይ ያለው ይሰረዝና አዲሱ ይጻፋል። መሀል ላይ መብራት ከሄደ ግማሹ ተሰርዟል፣ ግማሹ አልተጻፈም። በሚቀጥለው ጊዜ ፓወር ስትጫኑ ፕሮሰሰሩ የሚያነበው ነገር ያጣል። ሰው የሚፈራው ይህን ነው፤ መፍራቱም ልክ ነው።

ማደስ ያለበት ማን ነው?

አዲስ ፕሮሰሰር የሚገጥም ሰው አንዱ ነው። አዲስ ራም ገዝቶ ማሽኑ በየጊዜው እየተንጠለጠለ ያስቸገረውም እንዲሁ።

ኢንቴል 13ኛ ወይም 14ኛ ትውልድ የዴስክቶፕ ፕሮሰሰር ያላችሁ፣ በተለይ አይ7 እና አይ9 ከሆነ፣ ዛሬውኑ አጣሩ። ፕሮሰሰሮቹ ከሚገባው በላይ ቮልቴጅ እየጠየቁ ራሳቸውን ይጎዱ ነበር። ኢንቴል ችግሩን ለማስቆም ማይክሮኮድ (የፕሮሰሰሩ የውስጥ ትእዛዝ) ያወጣው በኦገስት 2024 ነው። በሴፕቴምበር ሌላ ጨመረበት። ሁለቱም የመጡት በባዮስ አፕዴት ውስጥ ነው። የተጎዳውን ፕሮሰሰር አያድኑም፣ ያልተጎዳውን ግን ይጠብቃሉ። ኤኤምዲም በ2023 አንዳንድ ራይዘን 7000 ኤክስ3ዲ ፕሮሰሰሮች ሶኬታቸው ላይ ሲቃጠሉ፣ ሶሲ የሚባለውን የፕሮሰሰሩን ክፍል ቮልቴጅ ከ1.3 ቮልት በላይ እንዳይሄድ የገደበው በባዮስ አፕዴት ነው።

የደኅንነት ክፍተት የሚደፍን አፕዴትም አለ። ባንክ፣ ሂሳብ፣ የድርጅት ሥራ የሚሠራበት ማሽን ከሆነ እሱም በቂ ምክንያት ነው።

ማሽናችሁ በደህና እየሠራ ከሆነና ከነዚህ አንዱም ካልነካችሁ ግን አትንኩት። አዲስ ስለወጣ ብቻ ባዮስ አይታደስም።

ቦርዳችሁን በሙሉ ስሙ እወቁት

ከመብራት ቀጥሎ ቦርድ የሚገድለው የተሳሳተ ፋይል ነው። ስታርት ሜኑ ላይ ሲስተም ኢንፎርሜሽን የሚለውን ፈልጋችሁ ክፈቱ። የቦርዱ ሞዴልና የባዮሱ ቨርዥን ተጽፎ ታገኛላችሁ። ሲፒዩ-ዚ የሚባለው ነጻ ፕሮግራምም ያሳያል።

እኔ በዚህ ብቻ አላምንም። ኬዙን እከፍታለሁ። የልጁ ቦርድ ላይ የቱሉ ዲምቱ አቧራ እንደ ጤፍ ዱቄት ተኝቶበት ነበር። በደረቅ ብሩሽ ጠረግነው። በፕሮሰሰሩና በካርድ ማስገቢያው መሀል ስሙ በትልቁ ታትሟል። ጠርዙ ላይ ደግሞ በጣም በትንሹ «ሬቭ» የሚል ጽሑፍና ቁጥር አለ። ብዙ ሰው የሚዘላት እሷን ነው። ጊጋባይት አንድ ስም ያለውን ቦርድ በተለያየ ሬቪዥን ያወጣል፤ የአንዱ ፋይል ለሌላው ላይሆን ይችላል። ቢ450ኤም ዲኤስ3ኤች እና ቢ450ኤም ዲኤስ3ኤች ቪ2 ደግሞ ስማቸው ቢመሳሰልም ሁለት የተለያዩ ቦርዶች ናቸው። በስልክ ፎቶ አንሡት። ፋይል ስትፈልጉ ፎቶውን ከድረ ገጹ ጎን አድርጋችሁ ፊደል በፊደል አስተያዩ።

ባዮስ ስክሪን ላይ የምታዩት ቀን የፈረንጅ ነው፤ ብዙ ጊዜም ወሩ ይቀድማል። 07/02/2020 ካለ ጁላይ 2 ማለት ነው። የትኛው ቨርዥን እንደሚቀድም ስታወዳድሩ እንዳያሳስታችሁ።

ዴል፣ ኤችፒ ወይም ሌኖቮ ተብሎ ተገጣጥሞ የመጣ ማሽን ከሆነ ፋይሉን የምታወርዱት ከዚያው ካምፓኒ ነው። ጀርባው ላይ በተለጠፈው ሰርቪስ ታግ ወይም ሲሪያል ቁጥር ፈልጉ።

ፋይሉን ማውረድ

ከአምራቹ ድረ ገጽ ብቻ። ቴሌግራም ላይ «ባዮስ ፋይል» እየተባለ የሚዘዋወረው አብዛኛው ከሌላ ሰው ማሽን የተገለበጠ ነው። የዚያ ማሽን ሲሪያልና የኔትወርክ አድራሻ አብሮት አለ። ማን እንደነካካውም አይታወቅም።

ፋይሉ ብዙ ጊዜ ከ10 እስከ 20 ሜጋባይት ስለሆነ ትንሽ ፓኬጅ ይበቃዋል። በስልክ ዳታ ማውረድ ይቻላል። የሞዴላችሁ ገጽ ላይ ሰፖርት፣ ከዚያ ባዮስ የሚለውን ክፈቱ። ለአዲስ ፕሮሰሰር ከሆነ መጀመሪያ የሲፒዩ ሰፖርት ዝርዝሩን እዩ። የእናንተ ፕሮሰሰር ከየትኛው ቨርዥን ጀምሮ እንደሚሠራ ጎኑ ላይ ተጽፏል። ቤታ (ገና በሙከራ ላይ ያለ) የሚል ካለበት ሌላ አማራጭ እስካለ ድረስ ዝለሉት።

ከእያንዳንዱ ቨርዥን ሥር ያለውን ማብራሪያ ሳታነቡ አትለፉ። አንዳንድ ቦርድ ከድሮው በቀጥታ ወደ መጨረሻው አይዘልም። መሀል ላይ ያለ አንድ ቨርዥን መጀመሪያ መጫን አለበት። አንዳንዱ ከታደሰ በኋላ ወደ ኋላ አይመለስም። አንዳንዱ ደግሞ ለአዲስ ፕሮሰሰሮች ቦታ ለማግኘት የድሮዎቹን ይጥላል። ይህ ሁሉ እዚያች ሁለት ሦስት መስመር ላይ ተጽፏል።

ፍላሹን ማዘጋጀት

እኛ ጋ ፍላሽ የሚሰካው በየፕሪንት ቤቱ ነው። ሾርትከት ቫይረስ ይዞ ይመለሳል። ለዚህ ሥራ የሚሆነውን ፍላሽ ባዶ አድርጋችሁ ፎርማት አድርጉት። ፎርማቱ ፋት32 ይሁን፤ ኤንቲኤፍኤስ ከሆነ ብዙ ቦርድ አያየውም። 8 ወይም 16 ጊጋባይት የሆነ አሮጌ ፍላሽ ከትልቁ ይሻላል።

የወረደው ፋይል ዚፕ ነው። ፍቱትና ውስጡ ያለውን የባዮስ ፋይል ፍላሹ ላይ በቀጥታ ገልብጡ፤ ፎልደር ውስጥ አትክተቱት። የጊጋባይት ፋይል ከነጥቡ በኋላ ያለው ኤፍ እና ቁጥር ነው። ዊንዶውስ ምን ዓይነት ፋይል እንደሆነ ስለማያውቀው በምን ልክፈተው ብሎ ይጠይቃል። አትክፈቱት፣ መገልበጥ ብቻ ነው።

መብራቱ

እዚህ ላይ ልቆይ፤ ቦርዴ አንዴ የሞተብኝ በዚህ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው። እናቴ ልትጠይቀኝ መጥታ ኩሽና ውስጥ እንጀራ ልትጋግር ሊጥ እያዘጋጀች ነበር። እኔ ሳሎን ተቀምጬ የራሴን ማሽን ባዮስ ማደስ ጀመርኩ። ምንም አልነገርኳትም። ምጣዱን ስትሰካው አምፖሉ ደብዘዝ አለ። ወዲያው ብሬከሩ ወረደ። ስታብላይዘሬ «ቀጭ» ብሎ ጠፋ። ስክሪኑ ላይ መጨረሻ ያየሁት ቁጥር 41 ፐርሰንት ነበር። መብራቱ በደቂቃ ተመለሰ፤ ማሽኑ ግን አልተመለሰም። እናቴ ከኩሽና ብቅ ብላ «ምን ሆንክ ልጄ? ፊትህ ጠቆረ» አለችኝ። ጥፋቱ የእኔ ነበር። አንድ ቃል ብነግራት ኖሮ ትጠብቀኝ ነበር።

ስታብላይዘር ዩፒኤስ አይደለም። ስታብላይዘር ከፍ ዝቅ የሚለውን ቮልቴጅ ያስተካክላል እንጂ ውስጡ ባትሪ የለውም። መብራት ሲሄድ አብሮ ይሄዳል። ብዙ ቤት ገብቼ «ዩፒኤስ አለኝ» ተብዬ የማየው ስታብላይዘር ነው። የሚያስፈልገው ባትሪ ያለው ዩፒኤስ ነው። ተራ ዴስክቶፕ ባዮስ ውስጥ ሲሆን ብዙም ስለማይጎትት 650 ቪኤ የሚለው ትንሹ ዓይነት፣ ባትሪው ደህና ከሆነ፣ ይበቃል።

ጥያቄው ባትሪው ደህና ነው ወይ የሚለው ነው። የዩፒኤስ ባትሪ ሁለት ሦስት ዓመት ከሠራ በኋላ ይዳከማል። መብራቱ አረንጓዴ ሆኖ እያበራ በሁለት ሴኮንድ ውስጥ የሚሞት ዩፒኤስ አይቻለሁ። ስለዚህ ፈትኑት። ሌሊቱን ሙሉ ቻርጅ ይደረግ። ጠዋት ኮምፒውተሩንና ሞኒተሩን ሰኩበት። ማሽኑን አብርታችሁ ባዮስ ውስጥ ግቡና እዚያው ተዉት። ከዚያ የዩፒኤሱን ገመድ ከግድግዳ ንቀሉ። 15 ደቂቃ ጠብቁ። ከቆየ አልፏል፤ መልሳችሁ ሰኩትና እስኪሞላ ቆዩ። ካልቆየ ባትሪው ይቀየር፣ ወይም ደህና ዩፒኤስ ካለው ጎረቤት ተዋሱ። ኬዙን ተሸክሞ ቢሮ መውሰድም ነውር የለውም።

ጄኔሬተር ብቻውን አይበቃም። መብራት ሄዶ ጄኔሬተሩ እስኪነሣ ያለው ክፍተት ማሽኑን ያጠፋዋል።

የካርድ ቆጣሪ ያላችሁ፣ ቀሪውን ሂሳብ እዩ። ካርድ አልቆ ቦርድ መሞት የለበትም። ቤት ላለው ሰው ሁሉ ተናገሩ፤ ምጣድ፣ ምድጃ፣ ካውያ ለአንድ ሰዓት አይሰካ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻውን 3 ሺህ ዋትና ከዚያ በላይ ይጎትታል። ሰዓትም ምረጡ። እኔ የምወደው ከሌሊቱ 11 ሰዓት ነው። ጎረቤቱ ሁሉ ተኝቷል፤ ቮልቴጁም ቀጥ ብሎ ይቆማል። ምሽት 1 ሰዓት ላይ፣ ሁሉም ወጥ በሚያሞቅበት ሰዓት፣ ፈጽሞ አልሞክረውም። ክረምት ከሆነና ሰማዩ ካጉረመረመ ለነገ ይተላለፍ።

ላፕቶፕ የያዛችሁ ባትሪው ሞልቶ ቻርጀሩም ይሰካ። ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ ግን ያው እንደ ዴስክቶፕ ነው፤ ብዙዎቹም ያለ ባትሪ አፕዴቱን አይጀምሩም።

ከመጀመራችሁ በፊት ሁለት ነገር

አንደኛው ቢትሎከር የሚባለው የዊንዶውስ የዲስክ መቆለፊያ ነው። ዊንዶውስ 11 ያለበት ማሽን ዲስኩ ሳታውቁት ተቆልፎ ሊሆን ይችላል። ባዮስ ሲታደስ ዊንዶውስ ማሽኑ የተለወጠ ይመስለውና ባለ 48 አሃዝ ቁጥር ይጠይቃችኋል። ቁጥሩ ከሌላችሁ ፋይላችሁ ሁሉ እዚያው ተቆልፎ ይቀራል። ኮንትሮል ፓናል ገብታችሁ ቢትሎከር በርቶ ካገኛችሁት ሰስፔንድ አድርጉት፣ ማለትም ለጊዜው አቁሙት። በሆም ቨርዥን ከሆነ ሴቲንግስ ውስጥ ዲቫይስ ኢንክሪፕሽን የሚለውን እዩ። ቁጥሩን ከማይክሮሶፍት አካውንታችሁ አውጥታችሁ ወረቀት ላይ ጻፉ። እግረ መንገዳችሁን የልጆቻችሁን ፎቶና የሥራ ፋይላችሁን ሌላ ዲስክ ላይ ገልብጡ።

ሁለተኛው፣ አሁን ያለውን የባዮስ ሴቲንግ በስልክ ፎቶ ማንሣት ነው። ከታደሰ በኋላ ሁሉም ብዙ ጊዜ ወደ ፋብሪካ ሴቲንጉ ይመለሳል። የግድ የሚያስፈልጓችሁ የሳታ ሞዱ (ዲስኩ ከቦርዱ ጋር የሚነጋገርበት መንገድ)፣ ሲኤስኤም የሚባለው የድሮው ማስነሻ መንገድ መብራቱና አለመብራቱ፣ የቡት (የማስነሻ) ቅደም ተከተሉና የራሙ የፍጥነት ፕሮፋይል ናቸው። ፕሮሰሰሩን ወይም ራሙን ኦቨርክሎክ ካደረጋችሁ (ከተመደበለት ፍጥነት በላይ ካስሮጣችሁት)፣ ከማደሳችሁ በፊት ሎድ ኦፕቲማይዝድ ዲፎልትስ የሚለውን ተጭናችሁ መልሱት። ያልተረጋጋ ራም ላይ ባዮስ አይጻፍም።

አሁን እናድሰው

ከዊንዶውስ ውስጥ የሚያድስ ፕሮግራም አምራቾቹ አላቸው። ለዴስክቶፕ ቦርድ አልመክረውም። ዊንዶውስ ውስጥ አንቲቫይረሱ አለ፣ መሀል ላይ ተንጠልጥሎ የሚቀር ፕሮግራም አለ። ባዮስ ውስጥ ያለው መሣሪያ ብቻውን ነው የሚሠራው።

ከኪቦርድና ከማውስ በቀር ሌላውን ዩኤስቢ ንቀሉ። ፍላሹን ከኬዙ ጀርባ፣ ቦርዱ ላይ በቀጥታ ካለው ቀዳዳ ሰኩት። የፊቱ ገመድ አንዳንዴ ይላላል። ማሽኑን አብሩና ዲሊት ቁልፍን ደጋግማችሁ ምቱ። ባዮሱ ሲከፈት ማደሻውን ፈልጉ። ጊጋባይት ኪው-ፍላሽ ይለዋል። አሱስ ኢዚ ፍላሽ፣ ኤምኤስአይ ኤም-ፍላሽ፣ አዝሮክ ኢንስታንት ፍላሽ ይሉታል። ኤም-ፍላሽ ስትጫኑ ማሽኑ አንዴ ጠፍቶ ይነሣል፤ አትደንግጡ።

አፕዴት ባዮስ የሚለውን መርጣችሁ ፍላሹ ላይ ያለውን ፋይል አሳዩት። መሣሪያው ፋይሉን ያነብና የሞዴሉን ስም ያወጣላችኋል። ይህች ቅጽበት የመጨረሻዋ ማጣሪያ ናት። ስክሪኑ ላይ ያለውን ስም ከስልካችሁ ፎቶ ጋር አስተያዩት። አንድ ፊደል ከተለየ ውጡ። መሣሪያው ራሱ ፋይሉ አይሆንም ካለ፣ በግድ የሚያስገባ መንገድ አትፈልጉ።

ልክ ከሆነ አዎ በሉት። ከዚያ እጃችሁን ሰብስቡ። መጀመሪያ ይሰርዛል፣ ቀጥሎ ይጽፋል፣ በመጨረሻ የጻፈውን መልሶ ያረጋግጣል። ቁጥሩ አንድ ቦታ ላይ ለደቂቃ ሊቆም ይችላል። ፋኑ በድንገት ሊጮህ ይችላል። ፓወርም ሪሴትም አይነካም። ልጆች ገመዱ አጠገብ አይሩጡ። የጎረቤቴን ልጅ በር ላይ አቆምኩት፤ ታናሽ እህቱ እንዳትገባ ይጠብቅ ነበር። እስትንፋሱን ይዞ እንደቆመ አራት ደቂቃ ያህል አለፈ።

ሲጨርስ ማሽኑ ራሱ ጠፍቶ ይነሣል። ሁለት ሦስት ጊዜ ሊደጋግመው ይችላል። ስክሪኑ ጨልሞ የሚቆይበት ጊዜ አለ። በተለይ ኤኤም5 (የአዳዲሶቹ ራይዘን ሶኬት ያለው) ቦርድ ከዲዲአር5 ራም ጋር ከሆነ፣ ራሙን እንደ አዲስ እስኪለማመድ ብዙ ደቂቃ ይወስድበታል። ሰው «ሞተ» ብሎ ፓወር የሚነቅለው እዚህ ላይ ነው። ሰዓት ያዙና 15 ደቂቃ ሙሉ ጠብቁ።

የድሮ ፕሮሰሰር የሌላችሁስ? ከቦርዱ ጀርባ ትንሽ ቁልፍ ካያችሁ ዕድለኛ ናችሁ። ኪው-ፍላሽ ፕላስ፣ ባዮስ ፍላሽባክ ወይም ፍላሽ ባዮስ የሚል ተጽፎበታል። በዚህ ቁልፍ ያለ ፕሮሰሰርና ያለ ራም ባዮስ ማደስ ይቻላል። ፓወር ሰፕላዩ ተሰክቶ፣ ፍላሹ ለዚሁ ምልክት በተደረገበት ቀዳዳ ገብቶ፣ ቁልፉ ይጫናል። ፋይሉ ግን አምራቹ በሚፈልገው ስም መጠራት አለበት። ለጊጋባይት «ጊጋባይት» ነጥብ «ቢን»፣ ለኤምኤስአይ «ኤምኤስአይ» ነጥብ «ሮም» ነው፤ በእንግሊዝኛ ፊደል። ለአሱስ ስሙን የሚቀይር ትንሽ ፕሮግራም ከዚፑ ጋር አብሮ ይመጣል። ዊንዶውስ የስሙን መጨረሻ ስለሚደብቅ «ቢን» ሁለት ጊዜ እንዳይጻፍ ተጠንቀቁ። ስሙ ከተሳሳተ መብራቷ ጥቂት ጊዜ ብልጭ ብላ ትተወዋለች። ልክ ከሆነ ለደቂቃዎች ብልጭ ድርግም ስትል ቆይታ ትቆማለች።

ከታደሰ በኋላ

ባዮስ ግቡና ቨርዥኑ መቀየሩን እዩ። ኦፕቲማይዝድ ዲፎልትስ ጫኑ፣ ከዚያ ፎቶውን እያያችሁ ሴቲንጉን መልሱ። ዊንዶውስ ሰማያዊ ስክሪን አሳይቶ የቡት ዲስኩን አጣሁት ካለ፣ ዊንዶውስን እንደገና ለመጫን አትቸኩሉ። አብዛኛውን ጊዜ የሳታው ሞድ ከኤኤችሲአይ ወደ ሬይድ፣ ወይም ከሬይድ ወደ ኤኤችሲአይ ተቀይሮ ነው። ዲስኩ ጭራሽ ካልታየ ደግሞ ሲኤስኤምን እዩ። በድሮው መንገድ የተጫነ ዊንዶውስ ሲኤስኤም ሲጠፋ አይነሣም። ቀኑንም አስተካክሉ፤ ከተሳሳተ ብራውዘሩ ድረ ገጾችን አላምንም እያለ ያስቸግራል። ሁሉም ልክ ሲሆን ቢትሎከሩን መልሳችሁ አብሩ።

ፕሮሰሰር የምትቀይሩት አሁን ነው። ሶኬቱ እንደ ልጁ ቦርድ ኤኤም4 ከሆነ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ኩለሩን (የፕሮሰሰሩን ማቀዝቀዣ) በብርድ አትንቀሉት። በመሀላቸው የተቀባው ሙቀት አስተላላፊ ፓስታ ደርቆ ይይዝና ፕሮሰሰሩን ከነሶኬቱ መቆለፊያ ነቅሎት ይወጣል። ከሥሩ ያሉት 1331 ቀጫጭን እግሮች ይጣመማሉ። ማሽኑን 10 ደቂቃ አሠሩት፣ ይሙቅ። አጥፍታችሁ ገመዱን ንቀሉ። ኩለሩን ወደ ግራና ቀኝ በቀስታ እያዞራችሁ ሲላቀቅ ብቻ አንሡት። በልጁ ማሽን ላይ ፓስታው እንደ ደረቀ ጭቃ ሆኖ ነበር። ሞቆም ሦስት ጊዜ አዙረነው ነው የለቀቀው። አዲሱን ስትገጥሙ አዲስ ፓስታ ቀቡ። ክሊር ሲሞስ አድርጉ (የተቀመጠውን የባዮስ ሴቲንግ አጥፉ)፣ ወይም ሲአር2032 የምትባለዋን ክብ ባትሪ አውጥታችሁ ጥቂት ደቂቃ ቆዩና መልሷት።

መሀል ላይ ከቆመስ?

መጀመሪያ ተረጋጉ። አንዳንድ የጊጋባይት ቦርድ ሁለት የባዮስ ቺፕ አለው፤ አንዱ ሲበላሽ ከሌላው ይነሣል። የአሱስ ክራሽፍሪ የሚባለው፣ ባዮሱ ቢበላሽም ፍላሽ ላይ ያለውን ፋይል ፈልጎ ለመጻፍ ይሞክራል። ብዙ የኤችፒ ላፕቶፖች የዊንዶውስና የቢ ቁልፍ አንድ ላይ ተይዘው ፓወር ሲጫን ወደ ማዳኛው ይገባሉ። ፍላሽባክ ቁልፍ ያለው ደግሞ እንደ አዲስ ይጻፍለታል።

ይህ ሁሉ ከሌለ የሚቀረው ፕሮግራመር፣ ማለትም ሌላ ኮምፒውተር ላይ ተሰክቶ ቺፕዋ ላይ በቀጥታ የሚጽፍ መሣሪያ ነው። ሲኤች341ኤ የምትባል ከፍላሽ ብዙም የማትበልጥ መሣሪያ አለች። ቺፕዋን ከላይ የሚቆነጥጥ ክሊፕ አብሯት ይሸጣል። የእኔን 41 ፐርሰንት ላይ የቆመ ቦርድ ያነሣሁት በዚህች ነው። «ቦርዱ ሞቷል» ያላችሁ ሰው ይህችን ሞክሮ እንደሆነ ጠይቁት።

የፓወር ገመዱ ይነቀል፣ ሲሞስ ባትሪውም ይውጣ። ቺፕዋ ላይ ያለውን ጽሑፍ በስልክ ካሜራ አጉልታችሁ አንብቡ። 25 ብሎ ጀምሮ 128 ካለ 16 ሜጋባይት ነው፤ 256 ካለ 32። ሙሉ ቁጥሩን ፈልጋችሁ ቮልቴጁን አረጋግጡ። አብዛኛው 3.3 ቮልት ነው። 1.8 ቮልት የሆነ ግን አለና ያለ አዳፕተር ከነካችሁት ይቃጠላል። ፕሮግራመሯንም ለኩ። የተለመደችው ጥቁሯ ዓይነት በዳታ መስመሮቿ 5 ቮልት ታወጣለች፤ ሳትስተካከል ባትጠቀሙባት ይሻላል።

ቺፕዋ ጥግ ላይ ነጥብ አለች፣ አንደኛው እግር እዚያ ነው። የክሊፑ ቀይ ገመድ በነጥቧ በኩል ይሁን። አንብቡ፣ ፋይሉን አስቀምጡ። ድጋሚ አንብቡና ሁለቱን አስተያዩ። ከተለያዩ ክሊፑ በደንብ አልያዘም፤ አስተካክላችሁ እንደገና አንብቡ። እኔ አራት ጊዜ ነው ክሊፑን ያነሣሁት። ያስቀመጣችሁትን አትሰርዙ፤ የቦርዳችሁ ሲሪያል እዚያ ውስጥ ሊኖር ይችላል። ከዚያ ሰርዙ፣ የአምራቹን ፋይል ጻፉ፣ ቬሪፋይ አድርጉ። የፋይሉ መጠን ከቺፕዋ እኩል መሆን አለበት። የአሱስ «ካፕ» ፋይል አናቱ ላይ ተጨማሪ ነገር ስላለው እሱ ሳይቆረጥ አይጻፍም። ላፕቶፕ ከሆነ የአምራቹ ፋይል ብቻውን ብዙ ጊዜ አይበቃም፣ ልምድ ላለው ሰው ስጡት።

ክሊፑን አንሡ፣ ባትሪውን መልሱ። ፕሮሰሰሩን ከነኩለሩ፣ አንድ ራም፣ ፕሮሰሰሩ የራሱ ግራፊክስ ከሌለው ግራፊክስ ካርዱን፣ እና ሞኒተሩን ብቻ ሰኩ፣ ዲስኩ ለጊዜው ይቆይ። ዩፒኤሱ ላይ ሰክታችሁ አብሩና ሰዓት ይዛችሁ ጠብቁ።